ስቱኮ ይብዛላችሁ

ቅዳሜ ጠዋት ከጎረቤት ግቢ ብርጭቆ ወረቀት ብረት ሲፈትግ ከሰማችሁ፣ የተሰጣ ልብስ ካላችሁ ከገመዱ ላይ አንሱ፤ ከሰዓት በኋላ ቀለም ይረጫል። ከዚያም እንኳን ደስ ያላችሁ፤ በሰፈራችሁ አንድ አዲስ ባትላሜራ ተወልዷል።

የተወለደው ማታ ነው። አልጋው ላይ ተጋድሞ ስልኩ ላይ አንድ አጭር ቪዲዮ ተመለከተ፤ ሲነጋ መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርዶ አንድ ጣሳ ስቱኮ፣ ጥቂት ብርጭቆ ወረቀትና ተነቅንቆ የሚረጭ ነጭ ቀለም ገዝቶ ተመለሰ። በቃ፣ ተመረቀ። ድሮ ባትላሜራ ለመሆን የፈለገ ልጅ ጋራዥ ገብቶ መዶሻ እያቀበለ፣ ኩርኩም እየቀመሰ፣ ከመኪና ስር ተኝቶ ዝገት ዓይኑ ውስጥ እየገባ ዓመታት ይፈጅ ነበር። የጥንት ሰዎች ጊዜ ነበራቸው መሰለኝ። አሁን ሙያ በልብ ነው፤ ልብ ደግሞ ከስቱኮው ጣሳ ጋር በምርቃት ይሰጣል።

ሕመምተኛዋን ሁላችንም እናውቃታለን። በፈረንጆቹ 1980 አካባቢ ከጃፓን የወጣች ኮሮላ ዲኤክስ ናት፤ ካልሆነች ቮልስ፣ ካልሆነች ላዳ። የእነዚህ መኪኖች ሞተር አይሞትም፤ ቢሞትም ሰባተኛ አካባቢ አንድ ሰው ያስነሳዋል። የሚጨርሳቸው ላሜራው ነው። የዲኤክሷን በር እንይ። ዝናብ በመስኮቱ ጎሚኒ በኩል ሾልኮ ወደ በሩ ሆድ ይገባል። ይህን ጃፓኖቹም አላጡትም፤ ውሃው እንዲወርድ ብለው ከበሩ ግርጌ ትናንሽ ቀዳዳዎች ተዉ። ቀዳዳዎቹን የከተማችን አቧራና የግራር ቅጠል ይደፍናቸዋል። ውሃው መውጫ ሲያጣ እዚያው ይተኛል፣ ዝገቱም ከውስጥ ወደ ውጭ እየበላ ይመጣል። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከስር ይገፋዋል፤ አንድ ቀን ታዲያ ሽምብራ የምታህል እብጠት ብቅ ትላለች። ባለመኪናው «ዝገት ጀመራት» የሚለው እንግዲህ ዝገቱ ሥራውን ጨርሶ ሊሰናበት ሲወጣ ነው።

ቀዶ ጥገናው በካቻቢቴ ይጀመራል። እብጠቷን በጫፉ ነካ ቢያደርጋት ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ። እዚህ ላይ ልቡ የሳሳ ሰው ደንግጦ ባለሙያ ይጠራል። የእኛ ሰው ጋዜጣ ጠራ። ጋዜጣውን ጨምድዶ በቀዳዳው ጠቀጠቀው፤ ከላዩ በመዶሻ የተደፈጠጠ የዘይት ጣሳ አስደገፈ፤ በዚያ ላይ ስቱኮውን እንደ ልቡ አለበሰው። በመንገዱም ጃፓኖቹ ለውሃው የተዉለትን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ደፈናቸው፤ ቀዳዳ አይወድም። ጋዜጣ ውሃ ይዞ በማቆየት የተመሰከረለት ነው። ዝገት እስከዚህ ቅዳሜ ድረስ ዝናብ ሲኖር ብቻ የሚሠራ የቀን ሠራተኛ ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ ቋሚ ተቀጥሯል፤ ቤት፣ ውሃና የሚያነበው ጋዜጣ ተሟልቶለታል።

በዚህ መሀል አንድ ጡረታ የወጡ የሰፈሩ ባትላሜራ ጋቢያቸውን ደርበው በአጥሩ በኩል ያልፋሉ።

«ልጄ፣ ዝገቱን ቆርጠህ አወጣኸው?»

«አለሰለስኩት እኮ ጋሼ። ይንኩት እስኪ!»

«እሱማ ለስልሷል። ስሩስ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ስሩን ማን ያየዋል?»

ሽማግሌው «እሱስ ልክ ነህ» ብለው ሄዱ። ምን ይበሉ? እሳቸው የተማሩት ጨለምተኛ ትምህርት ነው። ዝገቱ ካለበት አልፎ ነጭ ብረት እስኪገኝ ይቆረጣል። በልኩ አዲስ ላሜራ ተቆርጦ፣ በመዶሻ እየተመታ የበሩን ቅርፅ እስኪይዝ ይታጠፋል። ከዚያ ይበየዳል፤ ላሜራው በሙቀት እንዳይጣመም እየዘለሉ ነጥብ በነጥብ። ብየዳው ይፈገፈጋል፤ ከፊትም ከጀርባም ጸረ ዝገት ይቀባል። ስቱኮ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያውም መዶሻው የተወውን ትንሽ ጉድለት ለማስተካከል፣ በስሱ። ይህን ሁሉ ደክመው ሲጨርሱ የሚታየው ነገር ምንድን ነው? በር። እንደ ሌላው በር የሆነ ተራ በር። ምን ደስታ አለው?

የስቱኮው ጣሳ ላይ ደግሞ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈ መመሪያ አለ። ማድረቂያው ከስቱኮው ክብደት ከመቶ ሁለት እጅ ገደማ ይሁን፣ ከጥቂት ሚሊ ሜትር በላይ አይወፍር፣ ንጹሕና ደረቅ ብረት ላይ ይቀባ ይላል። ይህ ለፈሪዎች የተጻፈ ነው። የቅዳሜው ባትላሜራ ማድረቂያውን የሚለካው እናቱ ወጥ ውስጥ ጨው በምትጨምርበት እጅ ነው፤ ልዩነቱ እናቱ ትቀምሳለች። ሲበዛበት ስቱኮው ገና ስፓቱላው ላይ እያለ ይደርቅና ስፓቱላው ራሱ የመኪናዋ አካል ይሆናል፤ ከዚያም አልፎ ትርፉ ማድረቂያ ከሳምንታት በኋላ በነጩ ቀለም ላይ ቢጫ እድፍ ሆኖ ይወጣል። ሲያንስበት ስቱኮው እንደ ማስቲካ ልሞ ይቀራል፤ እሱም «ነገ ፀሐይ ታደርቀዋለች» ብሎ ወደ ምሳው ይሄዳል። ውፍረቱን አትጠይቁኝ። አንድ በር ሲፈርስ ሁለት ጣት የሚያህል ስቱኮ ከነጋዜጣው ሲወርድ አይቻለሁ፤ ከጋዜጣው ላይ የዋንጫ ጨዋታ ውጤት ይነበብ ነበር፤ ጥገናው በማን ዘመን እንደተካሄደ ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገም።

ከዚያ ፍተጋው። አቧራ እንዳይነሳ ተብሎ ከጆግ ውሃ እየፈሰሰ ይፈተጋል። ስቱኮ ሲደርቅ ድንጋይ ይመስላል እንጂ ውስጡ ጥቃቅን ቀዳዳ የሞላበት ነው፤ ያገኘውን ውሃ ይጠጣል፤ የጠጣውንም ከስሩ ላለው ብረት ያካፍላል። ደግ ነው። በዚህ ላይ ግራጫ ፕራይመር ይረጭና ሥራው ይቆማል፤ ገንዘብ አልቋል። መኪናዋ አንድ በሯ ግራጫ፣ ሌላው ነጭ ሆኖ ክረምቱን ሙሉ ትዞራለች። «ፕራይመር ስላላት ዝገት አይነካትም» ይላል ባለቤቱ። ፕራይመር የተሠራው ቀለም እንዲይዝ እንጂ ዝናብ እንዲመልስ አለመሆኑን የሚነግረው ሰው ቢመጣ ምቀኛ ነው።

ቀለሙ የሚረጨው መቼ ነው? በእርግጥ በሚቀጥለው ሐምሌ፤ አየሩ ራሱ እርጥብ ሲሆን፣ ቀለሙ ሲደርቅ ወተት የመሰለ ጉም እንዲለብስ። ቦታውስ? ከቆርቆሮው ጥግ፣ የትንኝ መንጋ ካለበት። መስታወቱ ላይ ጋዜጣ ተለጥፏል፤ ጎሚኒው፣ እጀታውና የጎማው ጎን ግን ነጭ ለብሰዋል፤ የጎረቤት ድመትም በከፊል። ሥራው ሲያልቅ ሰውየው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ያያታል፤ በሯ ላይ የሰፈሩ ሰማይ ሲንጸባረቅ ይወዛወዛል፤ ስቱኮው ሞገድ ሠርቷል። «ፋብሪካ ቀለም!» ይላል ለራሱ። ሚስቱ ጎበዝ ናት፣ ዝም ትላለች።

የቮልስ ባለቤቶች ከዚህ የባሰ ብልሃት አላቸው። የቮልስ ፓራፋንጎ የሚታሰረው በብሎን ነው፤ ብሎኑን ፈትቶ ሌላ ማሰር ይቻላል፤ እንዲያውም መኪናዋን የሠሩት ሰዎች ያሰቡት ይህንኑ ነው። ግን ብሎን መፍታት ጥበብ የለውም፣ ፓራፋንጎው ከነዝገቱ ስቱኮ ይለብሳል። ባትሪዋ ደግሞ ከኋላ ወንበር ስር ነው የምትቀመጠው፤ አሲዱ ሲንጠባጠብ ከስሯ ያለውን ወለል ይበላዋል። ለዚህ መድኃኒቱ ምንጣፍ ነው። ምንጣፉ ካላዋጣ ሁለት ምንጣፍ። አንዳንዱ የኋላ ተሳፋሪ ምንጣፉን በእግሩ ገፋ ሲያደርግ አስፋልቱ ሲሮጥ ያያል፤ እሱም ምንጣፉን በትሕትና ይመልሰዋል፤ የሰው ገመና ነው።

ለእነዚህ ሰዎች የሚከራከርላቸው ሰው አይጠፋም፤ «ታዲያ ምን ያድርግ? ድሃ ነው!» ይላል። ልክ ነው፤ ኪስ ባዶ ነው። መኪና ግን ርካሽ አይደለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ለዓመታት ያገለገለ መኪና ወደ አገር ማስገባትን እስከ 500 በመቶ በሚደርስ ታክስ አጠረው። በጥር 2016 ደግሞ ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር ሌላ እንዳይገባ መከልከሉን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ተናገሩ። ስለዚህ ግቢያችን ውስጥ ያለችው ዲኤክስ የአያት ቅርስ ሆናለች፤ እያረጀች ስትሄድ ዋጋዋ ይጨምራል፤ እንዲህ ያለ ሀብት ሰው ከመሬት በቀር አያውቅም። እንግዲህ የአገሬ ብልህ እንዲህ አሰበ፦ ንብረቴ በዋጋ የማትተካ ናት፣ ሌላ አላገኝም፤ በመሆኑም በርካሹ ላበስብሳት። ሂሳቡን ደጋግሜ ብሠራው ልይዘው አልቻልኩም፤ አንድ በር በትክክል ማሠራት ውድ ነው ብሎ የተወ ሰው፣ ከሁለት ክረምት በኋላ በሩንም ከበሩ ስር ያለውንም ሲያሠራ አይቻለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የእኛዋ የምታፈሰውም የምትለቅመውም ስቱኮ ነው።

እርግጥ ይህ ሁሉ የሚያሳስበው መኪናዋን ለማስቀረት ያሰበን ሰው ነው። ሊሸጣት ላሰበ ስቱኮ ወደር የለውም። ደላላው ገዢውን ይዞ የሚመጣው አመሻሽ ላይ ነው፤ መኪናዋ ገዢው ከመምጣቱ በፊት ታጥባ ውሃዋ አይደርቅም፤ እርጥብ ቀለም ሞገዱን ይደብቃል። «በሴት የተያዘች ናት፣ ቀለም ነክቷት አያውቅም» ይላል ደላላው። ገዢው በጥፍሩ የበሩን ላይኛ ጫፍ ኳ ኳ ያደርጋል፤ ብረት ይጮሃል። ወደ ታች ወርዶ ሲያንኳኳ «ዱም» ይላል፤ የግድግዳ ድምፅ። ያን ጊዜ ባለመኪናው ይስላል፣ ደላላው ደግሞ ስለ ሞተሩ ማውራት ይጀምራል። ጨርሶ የሚጠላው ገዢ ከኪሱ ማግኔት የሚያወጣው ነው። ማግኔቱ ከላይ ልጥፍ ይላል፤ ከታች ሲደርስ መሬት ይወድቃል። «ምን ዓይነት ሰው ነህ? በሰው ንብረት ላይ ማግኔት?» ይባላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ያሉት አባቶች ማግኔት አልነበራቸውም፤ ይህ ሰው ግን ይዞ በመምጣቱ ባለጌ ተባለ።

ነጩ ቀለም የተጫረበትን ስፍራ ተጠግቶ ላየ ደግሞ ከስሩ ሰማያዊ ብቅ ይላል። የአዲስ አበባ ሰው ይህ ሰማያዊ ምን እንደሆነ ይገባዋል፤ ያቺ ሴት ሾፌር መርካቶ ፒያሳ እያለች ስትጭን ኖራለች ማለት ነው።

ከሁሉ የማደንቀው ግን ከበሩ ስር፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል የሚሄደውን ብረት በስቱኮ የሚሞላውን ጀግና ነው። ዲኤክስን የመሰሉ መኪኖች የጭነት መኪናን የመሰለ የተለየ ሻንሲ የላቸውም፤ ክብደቱን የሚሸከመው ቦዲው ራሱ ነው፤ ይህ ብረት ደግሞ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነው። ከጎን ግጭት ሲመጣ በተሳፋሪውና በሌላው መኪና መካከል የሚቆመውም እሱ ነው። ጋዜጣና ስቱኮ ይህን ኃላፊነት ሲረከቡ ቅሬታ አያሰሙም። ቦሎ ለማሳደስ ሲኬድም ብረቱ ለስላሳና ጥቁር ተቀብቶ፣ ጭቃ መስሎ ያልፋል።

አንድ የማውቀው ሰው እንዲህ ያለች ዲኤክስ ይዞ ወደ ደብረ ብርሃን ሲሄድ ጎማው ተነፈሰ። ክሪኩን ከበሩ ስር አስገብቶ ማዞር ጀመረ። ክሪኩ ወጣ፤ መኪናዋ ግን ከመሬት ንቅንቅ አላለችም። አሁንም አዞረ፤ «ጭርር» የሚል ድምፅ ተሰማና የክሪኩ ራስ ምንጣፉን ገፍቶ በሾፌሩ ወንበር አጠገብ ብቅ አለ። ጎማውን እንደ ምንም ድንጋይ ደርድሮ ቀየረና ተመለሰ። በሳምንቱ መኪናዋን ለገበያ አወጣት፤ ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አደረገ፣ አራት አዲስ ጎማ ገዝቶ አሰረላት። «ለምን ትከስራለህ?» ብለው ሲጠይቁት፣ «ገዢው ቶሎ ክሪክ እንዳያስፈልገው ብዬ ነው» አለ። ማስታወቂያውም «አራቱም ጎማ አዲስ፣ ቦዲ ንጹሕ» ይላል፤ ዋጋው በድርድር ነው።