ፈንገሱ የመሰከረበት ሸንጎ

በጎማ ወረዳ፣ ከአጋሮ ከተማ ወጣ ባለ ኮረብታ ላይ ቡናዎች ሸንጎ ተቀመጡ። በፈረንጆቹ 1971 በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው የቡና ፍሬ በሽታ፣ ባለሙያው ሲቢዲ የሚለው፣ ክረምቱን ሙሉ ሲፈጃቸው ከርሟል። ለጋው አረንጓዴ ፍሬ ጠቁሮና ተሰርጉዶ መሬት ላይ ረግፏል። በዚያ ሁሉ መከራ መሐል ፍሬያቸው ሙሉ ሆኖ የተገኙት ሦስት ብቻ ናቸው። ሸንጎው የተጠራውም ለመጪው ትውልድ ዘር ከማን እንደሚወሰድ ለመቁረጥ ነበር።

አንደኛዋ እትዬ ጓሮ ናቸው። ከባለጸጋ ቤት ጀርባ፣ ዋንዛ ጥላ ሥር ያደጉ፣ ዝናቡ ሲጀምር መድኃኒት የሚረጭላቸው፣ የረገፈው ፍሬ ከግርጌያቸው የሚለቀምላቸው። ሁለተኛው አያ ቀደሜ፣ ወደ ቆላው ወረድ ብሎ የበቀለ፣ ከጎረቤቶቹ ሁሉ ቀድሞ አብቦ ቀድሞ የሚያፈራ። ሦስተኛው ጉም ከማይለየው ሸለቆ የመጡት አባ ጎባጣ ናቸው። ግንዳቸው ወገቡ ላይ ታጥፏል፤ ዙሪያቸውን ያሉት ቡናዎች አንድም ደህና ፍሬ አልቀረላቸውም።

«እናቴም አያቴም እዚያው ጓሮ ነው የኖሩት» አሉ እትዬ ጓሮ። «የእኛ አጥንት እንዲህ ያለ በሽታ አያውቅም።»

ሸንጎው አጨበጨበ። አገራችን አጥንት ሲቆጠር ለማጨብጨብ ሰንፋ አታውቅም።

ዳኛዋ እመት ጦጢት አገጯን እየፎከተች ጠየቀች። «አያውቅም ሲሉ እትዬ፣ አልደረሰብንም ማለትዎ ነው ወይስ ደርሶብን አልበገረንም?»

«ፍሬዬ ሙሉ ከሆነ ምን ለየው?»

«እሱን የሚያውቅ አንድ ነው» አለችና በሽታውን የሚያመጣውን ፈንገስ አስጠራች።

ፈንገሱ እጅ ነሥቶ ቆመ። «እኔ በዝናብ ፍንጥቅጣቂ ተሳፍሬ ነው የምሄደው። እትዬ ቤት ደጁ ላይ መድኃኒቱ መለሰኝ። አያ ቀደሜ ዘንድ ስደርስ ፍሬው ጠንክሮ ጠበቀኝ፤ እኔ ደግሞ አጥብቄ የምፈልገው ገና በማደግ ላይ ያለውን ለጋ ነው። አባ ጎባጣ ቤት ግን ከልካይ የለም፤ ሰተት ብዬ ገባሁ። የፍሬውን ቆዳ ወግቼ ልሰርግ ስል ከሥሬ ያሉት ህዋሶች እንደ ቡሽ ያለ ግድግዳ ሠርተው ዘጉብኝ። ከዚያ ማለፍ አቃተኝ።»

«የጠላት ምስክርነት አንቀበልም!» ብሎ ሸንጎው ተንጫጫ።

«እንግዲያው ልጆቻቸው ይመስክሩ» አለች ጦጢት። ከሦስቱም ዘር ተወስዶ በአንድ የአሸዋ ሣጥን ተዘራ። ፍሬያቸውን በራሳቸው ተሸክመው ብቅ እንዳሉ፣ ፈንገሱ በሁሉም ላይ እኩል ተረጨ፤ እርጥበቱም ቅዝቃዜውም አንድ ሆነ። አጥርና መድኃኒት ወደ ዘር ውስጥ አይገቡም። ከእናት ወደ ልጅ የሚያልፈው በህዋስ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ነው።

እትዬ ጓሮ ይህንንም ተቃወሙ። «በሽታው የፍሬ ነው፤ የችግኝ ግንድ ስለ ፍሬ ምን አገባው?»

«ሥሩም፣ ቅጠሉም፣ ፍሬውም በየህዋሳቸው የያዙት ውርስ አንድ ነው» አለች ጦጢት። «የሚለያዩት ከውርሱ የትኛውን ሥራ ላይ አዋሉት በሚለው ነው። ይህኛው መከላከያ ደግሞ ለግንዱም ለፍሬውም ይሠራል።»

ከጅማ ወጣ ብሎ በሚገኘው በመልኮ፣ የምርምር ማዕከሉ ባለሙያዎች ይህንኑ የጦጢትን ዳኝነት በእውን ሠርተውበታል። በሽታ በበረታበት ማሳ ደህና ሆነው የቆሙ እናት ዛፎችን እየፈለጉ፣ ያመለጠውን ከተቋቋመው የለዩት ችግኞቻቸውን በፈንገስ እየፈተኑ ነው። ከመቱ አካባቢ፣ ከቢሻሪ፣ በ1974 የተመረጡት 74110 እና 74112 ዛሬም በየገበሬው ማሳ አሉ። (የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ዓመተ ምሕረቱ ናቸው፤ ያውም የፈረንጅ። የኢሉባቦር ቡና በፈረንጅ ዘመን መጠራቱ ሁሌም ያስቀኛል።)

ወደ ሣጥኑ እንመለስ። የእትዬ ጓሮ ልጆች ጠቁረው ተኙ። የአያ ቀደሜም እንዲሁ። የአባ ጎባጣ አብዛኞቹ ቆሙ፤ ጥቂቶቹ ግን ወደቁ። የአረቢካ ቡና በአመዛኙ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ቢሆንም፣ አልፎ አልፎ ንብ የጎረቤት ብናኝ ማምጣቷ አይቀርም።

እዚህ ላይ ሸንጎው ሌላ እብደት ጀመረ። ያየው ሁሉ ግንዱን ማጉበጥ! ወጣቶቹ ወገባቸው ላይ ድንጋይ አንጠለጠሉ፤ ደላሎች «የጎባጣ ዘመድ» እያሉ ያገኙትን ችግኝ መሸጥ ያዙ። አባ ጎባጣ ተቆጡ። «ልጅ ሳለሁ የግራር ቅርንጫፍ ወድቆብኝ ነው የጎበጥኩት! እስቲ ልጆቼን እዩዋቸው፤ አንዱስ ጎብጧል?» ችግኞቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ሰሚ ግን አልተገኘም፤ መጉበጥ ከመፈተን ይቀላል።

በመጨረሻ ሸንጎው የአባ ጎባጣ ዘር ብቻ እንዲተከል፣ ሌላው እንዲነቀል ሊወስን እጁን አነሣ። ፈንገሱ ከበሩ ዞር አለና «እሺ» አለ ፈገግ ብሎ። «ብቻ የእኔም ልጆች ሁሉ እኔን አይመስሉም። አንዱ ያንን ግድግዳ ማለፍ የቻለ ዕለት፣ ቤታችሁ ሁሉ ባለ አንድ ቁልፍ ሆኖ ይጠብቀዋል።»

ጦጢት መንቀሉን አገደች። ከየሸለቆው፣ ከየጓሮው፣ ከየጫካው ዘር ተሰብስቦ በዚያው በጎማ፣ ጮጬ ላይ፣ ቁጥር እየተሰጠው ተተከለ። እትዬ ጓሮ ቦታቸው ከአባ ጎባጣ አጠገብ ደረሰ። «ከማን ጋር አቆማችሁኝ?» ብለው አቤቱታ አስገብተዋል፤ ቀጠሮው ለሚቀጥለው ክረምት ነው።