ጃፓንን እንምሰል፣ ጃፓንን ግን አንይ

ጥፋቴን ሳልደብቅ ልናገር። ዕድሜዬ ከሠላሳ አልፏል፣ ሞጣ ውስጥ አስተምራለሁ፣ ትዳር ይዣለሁ፣ ዕቁብ እጥላለሁ፣ ለቅሶ እደርሳለሁ፤ ማታ ማታ ግን የጃፓን ካርቱን አያለሁ። ድሮ ድሮ «ካርቱን ሳይሆን አኒሜ ነው የሚባለው» እያልኩ ሰው አርም ነበር። አሁን ትቼዋለሁ፤ ለደነዘዘ ሰው ስሙ ምን ያደርግለታል?

መደንዘዜን ያወቅሁት በቅርቡ ነው። ቤተሰብ ልጠይቅ ብቸና በወረድኩበት ሳምንት «የወጣቱን ሥነ ምግባር ስለ ማነጽ» የሚል ስብሰባ ተጠርቶ ኖሮ አጎቴ ጎትተው ወሰዱኝ። ተናጋሪው ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ የተከበሩ ሰው ነበሩ። ወጣቱን የሚያደነዝዙትን ነገሮች በጣታቸው ቆጠሩልን፦ ጫት፣ ሺሻ፣ ፕሌይስቴሽን፣ አራተኛው ደግሞ «ይኼ የጃፓን የሰይጣን ካርቱን»። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። አጎቴ አጠገብ ተቀምጦ የማያጨበጭብ ሰው ገና አልተወለደም።

ጭብጨባው ሲበርድ ተናጋሪው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ጃፓን እንዴት ሠለጠነች? በሥራ ነው! በዲሲፕሊን ነው! እኛስ ከጃፓን በምን እናንሳለን?» አሁንም ተጨበጨበ። ከጀርባቸው ግድግዳው ላይ ካይዘን የተባለው የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ፖስተር ተለጥፏል፤ አምስቱ «ማ»ዎች ቁልቁል ተደርድረዋል፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። የመጨረሻዋ «ማ» ከነወረቀቷ ተገንጥላ ሄዳለች፤ የቀረችው «ዝለቅ» ብቻ ናት። አርፍዶ የሚገባውን ሁሉ ከግድግዳው ላይ ሆና «ዝለቅ፣ ዝለቅ» ትለዋለች። ደጅ ደግሞ ተናጋሪውን ያመጣቸው ላንድክሩዘር ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሞ ይጠብቃል።

ካይዘኑ ከጃፓን፣ መኪናው ከጃፓን፣ ካርቱኑም ከጃፓን። ሰይጣኑ ለምን ካርቱኑን ብቻ መርጦ እንደተሳፈረ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ውዬ አድሬ ሳስበው ግን ሕጉ ተገለጠልኝ። ጃፓንን መውደድ አልተከለከለም፤ እንዲያውም ግዴታ ነው። የተከለከለው አይቶ መውደድ ነው።

ይህ ፍቅር የዛሬ እንዳይመስላችሁ። ሐምሌ 1923 ዓ.ም. የወጣውን የአገራችንን የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ብዙውን ነገር የቀዱት ከጃፓን የሜጂ ሕገ መንግሥት ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የልዑካን መሪ ሆነው ጃፓን ሄዱ፤ ሲመለሱም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍ ጻፉ። አብረዋቸው የሄዱት ልጅ አርአያ አበበ ደግሞ ፍቅሩ ጠንቶባቸው ጃፓናዊት ለማግባት ተነሡ። ኩሮዳ ማሳኮ የተባለች የመኳንንት ልጅ ታጨች፣ የዓለም ጋዜጦችም ጻፉበት፤ ጋብቻው ግን ሳይፈጸም ቀረ። የጣሊያን እጅ አለበት ይባላል። በእኛ በደንዛዞቹ ቋንቋ ሲነገር፣ ድራማው በመጀመሪያው ምዕራፍ ተቋርጦ ሁለተኛው ምዕራፍ እስከ ዛሬ አልወጣም። ከዚያም ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው ጻፉ። እነዚህን ሰዎች ማንም ደንዝዘዋል አላላቸውም። ካባ ነበራቸዋ!

እኔ ካባም ዕድልም ሳይኖረኝ ጃፓንን ያወቅሁት ብቸና ውስጥ በአንዲት የቆርቆሮ ቤት ነው። ፕሌይስቴሽን ቤት። አሮጌ ቴሌቪዥን፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ፕሌይስቴሽን 2። ጨዋታው «ፔስ» የሚባለው ኳስ ነው፤ ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ አይነሣም። የግራው ጆይስቲክ አውራ ጣት የሚያርፍበት ላስቲክ ተበልቶ አልቆ ከብስክሌት ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ተጠግኗል፤ ያንን ጆይስቲክ የያዘ ልጅ ወደ ቀኝ ሲሮጥ ተጫዋቹ ትንሽ ወደ ላይ ያዘነብላል፤ ስለዚህ አንድ ጎል አስቀድሞ ይሰጠዋል። ይህ በየትም ያልተጻፈ ሕግ ነበር፤ ሲጣስ ግን አላየሁም።

ፔስን የሠራው ኮናሚ የጃፓን ነው፣ ዕቃው የሶኒ ነው፣ ሶኒም የጃፓን ነው። ይህን ለአባቶቻችን የነገራቸው ስላልነበረ «ኳስ ነው» ብለው ዝም አሉን። ኮናሚ ለፕሌይስቴሽን 2 የመጨረሻውን ፔስ ያወጣው በ2006 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲያ ኮናሚ ቢያቆምም የቤቱ ባለቤት አላቆመም። ተጫዋች ከክለብ ክለብ በተዛወረ ቁጥር ቁጭ ብሎ ስም በስም፣ ቁጥር በቁጥር ያርማል፤ አዲስ የመጣውን ይፈጥራል፣ ፀጉሩን ይቆርጥለታል፣ ጫማውን ይቀይርለታል። የተሰበረውን ጆይስቲክ ከሌላ ከተሰበረ ጋር አጋብቶ አንድ ጤነኛ ያወጣል። ይህንን ካይዘን ብዬ ልጠራው ምላሴ ጫፍ ላይ ሲደርስ መለስኩት። ካይዘን ፖስተር ይፈልጋል።

ያ ቤት በስብሰባው ማግስት ታሸገ። ስብሰባውን የጠራውን ኮሚቴ እግዜር ይስጠው። ልጆቹ ሜዳ ላይ ወድቀው እንዳይቀሩ ደግሞ ከዚያው አለፍ ብሎ ያለው የቤቲንግ ቤት ሙሉ ቀን ክፍት ነው፤ ፈቃድ አለው፣ ግብር ይከፍላል። ማንችስተርን በጣት ማጫወት ያደነዝዛል፤ ማንችስተር ላይ የእናትን የእንቁላል ብር ማስያዝ ግን ዘርፍ ነው። ከረንቡላው ቤትም አልተነካም፣ አረቄ ቤቱም እንዲሁ። ኮሚቴው ለወጣቱ ምን ያህል እንደሚያስብ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ?

የሰይጣኑን ጉዳይ ብዘለው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ጎጃሜ ነኝ። የአዲስ አበባ ሰው «አገርህ የት ነው?» ብሎ ጠይቆኝ «ጎጃም» ስለው የያዘውን ብርጭቆ በእጁ ሸፍኖ የሚያስቀምጥ አጋጥሞኛል። በመተት፣ በድግምት፣ ገመዱን እባብ በማድረግ ስማችን አገር ያዳረሰ እኛ፣ ጃፓንን «አስማት ታበዛለች» ብለን ስንከስ እግዜርም ፈገግ ሳይል የሚቀር አይመስለኝም። «ናሩቶ» በሚባለው ካርቱን ያሉ ሰዎች ጣታቸውን አቆላልፈው እሳት ቢተፉ ምን ይገርማል? አያቴ ማታ ማታ የምትነግረን ደብተራ ከዚህ የባሰ ሲሠራ እየሰማን ነው ያደግን፤ ያውም ጣቱን ሳያቆላልፍ።

እንባም ደረጃ አለው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር «ባህል ሊጠፋ ነው» ተብሎ ብዙ ተጮኸ፤ የጮኸው ሰው ሁሉ ማታ የቱርኩ ድራማ «ጥቁር ፍቅር» እንዳያመልጠው እየሮጠ ቤቱ ይገባ ነበር። አጎቴ ደግሞ ድሮ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ባነበበው «ፍቅር እስከ መቃብር» እስከ ዛሬ ያለቅሳሉ። የመጽሐፉ ዲማ ጊዮርጊስ ከብቸና ብዙ ስለማይርቅ ፊታውራሪ መሸሻን እንደ ድንበርተኛ ነው የሚያሟቸው፤ ማሳ ገፍተው የወሰዱባቸው ይመስል። ለበዛብህ ማልቀስ ንባብ ነው፣ ለቱርኩ ማልቀስ መዝናኛ ነው፣ ለጃፓኑ ማልቀስ ግን መደንዘዝ።

እናቴ ይህን ደረጃ አታውቅም። አንድ ክረምት «ኦሺን»ን በስልኬ አሳየኋት፤ የጃፓኑ ኤንኤችኬ በ1983 እ.ኤ.አ. የጀመረው፣ ብዙ አገር ያስለቀሰ ድራማ ነው። ኦሺን የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ቤተሰቦቿ ስለተራቡ በአንድ ጆንያ ሩዝ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሄዳለች። እናቴ ጥጧን አስቀምጣ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። በረዶው ላይ ልጅቷ ሕፃን አዝላ ስትሄድ እያየች «ይህችማ የእኛው ሰፈር ልጅ ናት» አለች። ከኛ ሰፈር ለግርድና አዲስ አበባ የወረዱትን ልጆች በስም እየጠራች ቆጠረች። ቆይታ ግን ፊቷ ተለዋወጠ። «በሩዝ? በጤፍ እንኳ አይደለም?» የብቸና ሰው ነች፤ ግፍ የምትለካው በነጭ ጤፍ ነው።

ተናጋሪው አንድ ሌላ ነገርም ብለው ነበር፤ «የዛሬ ልጅ ትዕግሥት የለውም፣ የጀመረውን አይጨርስም።» ናሩቶ ከሁለተኛው ክፍሉ ጋር ሲደመር 720 ክፍል ነው። ከተማሪዎቼ አንዱ አንድም ሳይዘል ጨርሶታል፤ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ወዲህ በአካባቢያችን የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት ሳይቀር፣ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ፣ ፊልም ከሚጭነው ሱቅ ደጃፍ ተሰልፎ። ስብሰባው ደግሞ የሦስት ገጽ ቃለ ጉባኤ አንብቦ ሳይጨርስ ለሻይ ተነሣ።

ያ ናሩቶ የሚባለው ልጅ፣ ማወቅ ለምትፈልጉ፣ የመንደሩን የምረቃ ፈተና ሦስት ጊዜ የወደቀ ነው። ልጆቹ ምኑን እንደወደዱለት ጠይቃችሁ ከሆነ እኔ እነግራችኋለሁ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ ነበሩ። የቀሩትን እኔ ክፍል ውስጥ ነው የማውቃቸው፤ ውጤት በተለቀቀ ማግስት ዓይን ዓይኔን እያዩ «ቲቸር፣ አሁን ምን እንሁን?» ብለውኛል። እኔም ከስብሰባ የተማርኩትን መለስኩላቸው። «እንደ ጃፓን ሁኑ።»

ወደ ሞጣ ስመለስ የተሳፈርኩት ቅጥቅጥ አይሱዙ ነበር። እሱም የጃፓን ነው፤ ያደነዘዘው ግን እግሬን ብቻ ነው። አጠገቤ ጋቢ የለበሱ፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል የተከሉ አንድ አባት ተቀምጠዋል። ጆሮ ማዳመጫዬን ሰክቼ ናሩቶን ከፈትኩ። ደብረ ወርቅን እንዳለፍን ክርናቸውን ተደግፈውብኝ እያዩ መሆናቸውን አወቅሁ።

«ይኼ ልጅ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚቆጣ?»

ማዳመጫውን ነቅዬ እንደ ትርጉም ፊልም እያስተረጎምኩ ነገርኳቸው። ልጁ ሳስኬ ይባላል፤ ታላቅ ወንድሙ ቤተሰባቸውን፣ ዘመድ አዝማዱን በሙሉ በአንድ ሌሊት ፈጅቶ እሱን ብቻ አስቀርቶታል፤ አሁን ወንድሙን ሊገድል ይፈልገዋል።

«ወንድም ወንድሙን?»

«አዎ አባባ።»

«ደም ነዋ።» ከዘራቸውን አንዴ ወለሉ ላይ መቱ። «እንግዲህ ደም ከሆነ መድረቅ አለበት። ሽማግሌ የለም እንዴ በአገሩ?»

እዚህ ላይ ተቸገርኩ። ታሪክን ቀድሞ ማውጣት በእኛ በደንዛዞቹ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው። ግን ሽማግሌ ጠይቆ ዝም አይባልም። «አሉ አባባ። ግደል ብለው ያዘዙት ራሳቸው የመንደሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ለመንደሩ ሰላም ብለው።»

ዝም አሉ። ረጅም ዝምታ ነበር፤ መኪናው ሁለት አቀበት ወጥቶ አንድ ቁልቁለት ወረደ። ለኮሚቴው ሪፖርት ይሆን ዘንድ፦ ዕድሜው ሰባ የሚገመት አንድ ወጣት በዚህ መስመር ላይ ደንዝዞ ተገኝቷል።

ፈለገ ብርሃን ላይ ወረዱ። ጋቢያቸውን አጣፉ፣ ጥቂት ሄዱ፣ ተመለሱ። በከዘራቸው መስኮቴን አንኳኩ። ከፈትኩት።

«ልጁስ ያውቃል?» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሽማግሌዎቹ መሆናቸውን ያውቃል?»

መልስ ልሰጥ አፌን ስከፍት ረዳቱ የበሩን ቆርቆሮ በመዳፉ መታ። «ሳበው!»