ቤት ጡረታ የለውም

ሰው ስልሳ ሲሞላው «በቃህ፣ ዕረፍ» ይባላል። ቤት ግን ጡረታ የለውም። ለንጉሥ ያቆሙትን ጠላት ይገባበታል፤ ከጠላት ያስለቀቁትን ለተማሪ ይሰጡታል፤ ከዚያ ደግሞ ቲኬት የቆረጠ ሁሉ መኝታ ቤቱ ድረስ ዘው ይላል። ይህን የምለው ከመሬት ተነሥቼ አይደለም። ስድስት ኪሎ የሚማረው የልጅ ልጄ «ሙዚየም ላሳይህ» ብሎ ከአሶሳ አዲስ አበባ ድረስ አስጎትቶኝ ነው። መንገዱ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እኔ ተመልሻለሁ፤ ወገቤ ግን ገና መንገድ ላይ ነው።

ሙዚየሙ ያለበትን ግቢ «ይህ እኮ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው» ብለው አላወቀውም። ለእሱ «ስድስት ኪሎ» ነው። እኔ በ77ቱ ድርቅ ከወሎ ተነሥቼ አሶሳ ስሰፍር መንደራችንን በቁጥር ነበር የሰየሙልን። ለሰፋሪ ይሁን። ቤተ መንግሥትም በቁጥር ይጠራ?

ነገሩ ከእኛው ከቤኒሻንጉል ይነካካል። በ1890 ዓ.ም. ወደዚህ የዘመቱት ራስ መኰንን ናቸው። የአሶሳው ሼህ ሆጀሌ ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ላይ ብዙ ዘመን ተቀመጡ። ሸጎሌ የተባለው ሠፈር ስሙን ያገኘው ከእሳቸው ነው፤ የታክሲው ረዳት ይህን ሳያውቅ ቀኑን ሙሉ «ሸጎሌ! ሸጎሌ!» እያለ ይጠራቸዋል። የራስ መኰንን ይዞታ ደግሞ ኋላ ለነገሡት ለልጃቸው ለተፈሪ ወረደና ገነተ ልዑል ተሠራበት።

ባለቤቱ በቅጡ ሳይኖሩበት ጣሊያን መጣና ግራዚያኒ ገባበት። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ለድኻ እመጸውታለሁ ብሎ ሕዝቡን ግቢው ሰበሰበ፤ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ከዚያ በኋላ በከተማው ሕዝብ ላይ በወረደው እልቂት አልቀልድም።

ግቢው ውስጥ ጣሊያን ያቆመው ደረጃ አለ። ለሙሶሊኒ ሥልጣን ለአንዱ ዓመት አንድ እርከን ቆጥረው የሠሩት ነው፤ የትም አያደርስም። ኋላ የእኛ ሰዎች ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት። የትም የማያደርስ ደረጃ በየቢሮው ስወጣና ስወርድ ኖሬያለሁ፤ አንበሳ የተቀመጠበት ግን ያ ብቻ ነው።

ንጉሡ ተመልሰው ገቡ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ለጉብኝት ብራዚል ሳሉ የገዛ ክቡር ዘበኛቸው ተነሣባቸው። ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻን ጨምሮ ከታገቱት ሹማምንት ብዙዎቹ እዚያው ተረሸኑ። ደም በፈሰሰበት ሳሎን ማን ቡና ይጠጣል? ግቢው ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ፤ በ1954 ዓ.ም. ተመረቀ።

ቤት የተሰጠው ሰው «አላህ ይስጥልን» ይላል ብዬ ነበር። ተማሪው በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ ወጣ! «ልክ እኮ ነበሩ» ይለኛል የልጅ ልጄ። ልክ አልነበሩም ማን አለ? ግን ሰልፍ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የቤት ኪራዩን ያስብ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ዩኒቨርሲቲው የሰጪውን ስም አውልቆ የከተማዋን ስም ለበሰ።

አሁን ንጉሡ የተኙበት ክፍል ይጎበኛል፤ መታጠቢያ ቤታቸውም ጭምር። እኔ የራሴን ጓዳ እንኳ ለእንግዳ አላሳይም! ሌላው አዳራሽ የሕዝቡን ኑሮ ከልደት እስከ ሞት በተራ ያሳያል። ልደቱን አየሁ፣ ጉልምስናውን አየሁ፤ ሞቱ ጋ ስንደርስ «ይኸኛው አይቸኩልም» ብዬ ፊቴን አዞርኩ።

አንድ ነገር ግን አፌን አስያዘኝ። የንጉሡ መልበሻ ክፍል መስታወት በ1953ቱ ጥይት እንደተበሳ ቆሟል። አልቀየሩትም፣ አልሸፈኑትም። ቤቱ ሥራውን ስንቴ ቢለውጥ ያችን ቀዳዳ ያየ ሁሉ ምን እንደሆነ ይጠይቃል።

እንዲህ የሚያስጠይቅ ምልክት ከሌለ ግን ነገር ይረሳል። እዚህ አሶሳ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ከቤልጂክ ኮንጎ የመጣ ጦር ጣሊያንን አባርሮ ከተማዋን ይዞ ነበር። የሠፈሬን ልጆች ብጠይቅ አንዱም አልሰማም፤ የኮንጎ እግር ኳስ ተጫዋቾችን ግን በስም ይቆጥሩልኛል።

ስለዚህ አሮጌ ቤት በእጃችሁ ያለ ሹማምንት፣ አሶሳም ሁኑ አዲስ አበባ፣ ስሙኝ። ቤቱን ትምህርት ቤት አድርጉት፣ ክሊኒክ አድርጉት፤ ባዶውን የቀረ ቤት ፈራሽ ነው። ገነተ ልዑልም የቆመው ሰው ስላልተለየው ነው። ብቻ ጥይት የበሳውን አትምረጉ፤ ቤቱ የማን እንደነበረና ምን እንደተሠራበት በሩ ላይ ጽፋችሁ ለጥፉ። ጽሑፉ ደግሞ ጎላ ይበል፤ መነጽሬን ረስቼ ልመጣ እችላለሁ።