ሁለቴ የሚበሉት

ተረት ተረት፣ የላም በረት።

ከጮቄ ተራራ ግርጌ፣ ጨሞጋ ወንዝ በሚያልፍበት አገር፣ እንስሳት ያለ ሰው ራሳቸውን ያስተዳድሩ ነበር አሉ። ያርሳሉ፣ ያበራያሉ፣ ጎተራ ይሞላሉ። ሥራ የሚያከፋፍል አለቃ ሲያስፈልጋቸው አህያን ሾሙ። ክፉ ምርጫ አልነበረም፤ ዝናብ ፀሐይ ሳይል የሚሄድ፣ የተጫነውን ጥሎ የማያውቅ ፍጡር ነው።

አለቃ አህያ በተሾመ ማግስት አገሩን ሊያይ ዞረ። ቀትር ላይ ከዋርካው ጥላ ሲደርስ ከብቶቹ ጉልበታቸውን አጥፈው ተኝተዋል። ዓይናቸው ገርበብ ብሏል፤ ፊታቸው ሣር የለም፣ ገለባ የለም፤ መንጋጋቸው ግን ወዲህና ወዲያ ይላል። ጠጋ ብሎ ሲመለከት፣ በቦራ ላም ጉሮሮ ውስጥ እንቁላል የሚያህል ነገር ሽቅብ ወጣ። ተቀበለችው። ሃምሳ ጊዜ ያህል አላመጠችና ዋጠችው። ትንሽ ዝም አለች፤ ሌላው ወጣ።

«ምን እየሠራችሁ ነው?»

«እያመሰኳን ነው፣ አለቃ።»

«ጠዋት አልበላችሁም?»

«በልተናል።»

«ታዲያ ሁለተኛ የምትበሉት በማን ፈቃድ ነው?»

አይፈረድበትም። አህያ አያመሰኳም፤ የበላውን በልቶ መንገዱን ይቀጥላል። የበሬ ሆድ 4 ክፍል እንዳለው፣ ሜዳ ላይ የተጋጠው ሣር ጉልበትና ወተት የሚሆነው ተመልሶ ሲላመጥ እንደሆነ ማን ይንገረው? ለዚህ ሥራ በቀን እስከ 8 ሰዓት ይሄዳል ቢሉትማ ጭራሽ ይስቃል። የሰውን ሆድ በራሱ ሆድ የሚለካ ሹም ደግሞ እሱ የመጀመሪያው አይደለም።

አዋጅ ወጣ፦ ሥራ የሌለው መንጋጋ ይዘጋ። በቀትሩ ዕረፍት ፋንታ ማገዶ ለቀማ ተተካ። አያ ጅቦ አዋጁን ከሁሉ ቀድሞ ደገፈ፤ ለምን ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ የሠራ መሰለ። የሚታረሰው መሬት ጨመረ፣ ማገዶው ተከመረ፣ አለቃም ተመሰገነ። ቆይቶ ግን በሬዎቹ እየበሉ ይከሱ ጀመር። ሆዳቸው ተነፍቶ የጎድን አጥንታቸው ይቆጠራል። ጥጆች የእናታቸውን ጡት ቢጎትቱ ጠብ የሚል የለም። ስንት ክረምት በአንድ ቀንበር ያሳለፉት ቡሬና ዳልቻ ቀንድ ለቀንድ ተያያዙ፤ በምን ተጣላችሁ ሲባሉ ሁለቱም መልስ አጡ። ድካም ነው ብለው እንቅልፍ ጨመሩ። በእንቅልፍ ብዛት ግን ሣር አይልምም።

«አቤቱታ እናቅርብ» አለ ቡሬ።

«ለማን? ለማያመሰኳ?» አለች ቦራ።

እሷ ወንዝ ወርዳ ወረፋ ስትጠብቅ አንድ ጉርሻ፣ ማገዶ ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣ ሌላ ጉርሻ ማመስኳት ጀምራ ነበር። ግን አልበቃትም። እየተቆራረጠ የሚላመጥ ነገር አፍ ያሟሽ እንደሆነ እንጂ ደም አይሆንም። ስታስብ ማታው ትዝ አላት። ማታ ማታ ከብቶቹ ሁሉ ሾላው ሥር ይሰበሰቡ ነበር፤ ቁራ ወሬ ያመጣላቸዋል። ከወንዝ ማዶ የማን ላም ሰባች፣ የማን በሬ ገደል ገባ፣ ማን ማንን ወጋ። ወሬው አያልቅም፤ ሲያልቅም ቁራው ይጨምርበታል። ሂዱ ብሎ ያዘዛቸው የለም፤ ቀርቶ የተቀጣም የለም።

«ቀትራችንን የወሰደብን አዋጅ ነው» አለቻቸው፤ «ማታውን ግን ለቁራ የሰጠነው እኛው ነን።» ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀረች። በመጀመሪያው ሳምንት ጆሮዋ ወደ ሾላው እየሄደ አስቸገራት፤ ሳትሰማው የቀረ ትልቅ ነገር ያለ ይመስላታል። በሁለተኛው ሳምንት ጥጃዋ አፉ ላይ አረፋ ይዞ ታየ፤ ወተት ነበር። ቡሬ ተከተላት፤ ሌሎችም አንድ ሁለት እያሉ መጡ። ዳልቻ አልመጣም፤ ቁራው ስለ እሱ ምን እንደሚያወራ ሳይሰማ ማደር አይችልም።

አንድ ማታ አለቃ አህያ በረቱ ደጃፍ ቆመ።

«እመት ቦራ፣ አዋጁን አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ፣ አለቃ። የቀን ነው።»

«ለነገ ሥራ ጉልበት አታባክኑም?»

መልስ ከመስጠት ይልቅ ጠየቀችው፦ «አመድ ላይ ከተንደባለሉ ስንት ጊዜዎ ነው?»

አህያ ጆሮውን ጣለ። ሳይሾም በፊት ሸክም ባወረደ ቁጥር ከአመድ ቁልሉ ሄዶ፣ አራት እግሩን ሰቅሎ ካልተገላበጠ እህል አይቀምስም ነበር።

«ሹም አመድ ላይ አይንደባለልም» አላት።

«ጀርባዎን አይበላዎትም?»

«ይበላኛል እንጂ» አለ፤ ድምፁ የሹም አልነበረም።

በነጋታው ለጉባኤ ዘግይቶ ደረሰ፤ አመድ ከጆሮው ይረግፋል። አያ ጅቦ አዋጁ ለማታም እንዲሠራ ሐሳብ አቀረበ፤ ለአገር ብሎ ነው።

«ለማታ አዋጅ አይወጣም» አለ አለቃ።

«የቀትሩስ?»

«እሱን እናየዋለን።»

እናየዋለን እንዳለ ነው። ቡሬ ዛሬም በቀትር ማገዶ ይለቅማል፤ እየለቀመም ያመሰኳል፤ አለቃ በዚያ ሲያልፍ ወደ ሌላ ያያል።