ስማቸውን አታውቅም? ስማቸው!

«ስሙን ሰምቼ የማላውቀውን ባንድ አልበም አልሰማም» ትላለህ አሉ። ጎበዝ፣ ፍረዱኝ! ሰው ሳይሰማ ስም ከየት ይመጣል? መጀመሪያ ስማቸው፤ ስማቸው ከዚያ በኋላ ይመጣል። አንዱን አላልተህ ሌላውን አጥብቀህ አንብበው። አንተ የጠበቀውን ስትጠብቅ የላላው አመለጠህ! «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል፤ ያንተማ ጭራሽ ዝነኛ ካልከፈተው አይከፈትም።

«እነማን ናቸው ደግሞ?» አርክቲክ መንኪስ ናቸዋ! የዋልታ ጦጣዎች እንደማለት። አራት የሼፊልድ ልጆች። ሼፊልድ ብረት ሲያቀልጥ የኖረ የእንግሊዝ ከተማ ነው፤ እነሱ ደግሞ ቤት አቀለጡበት። ኢንዲ ሮክ ይሉታል። የመጀመሪያ አልበማቸው ስሙ ራሱ ተረብ ነው፤ ከአለን ሲሊቶ ልቦለድ የወሰዱት ነው፦ «ሰዎች ነህ የሚሉኝን ሁሉ፣ እሱን አይደለሁም»። አየህ፣ ገና አፍህን ሳትከፍት መልስህን ሽፋኑ ላይ ጽፈውልሃል።

«ገና ልጆች ናቸው!» አልክ? ልክ ነህ፣ ከገና ነው የጀመሩት። በፈረንጆቹ 2001 አሌክስ ተርነርና ጄሚ ኩክ ለገና ጊታር ይገዛልን አሉ፤ ተገዛላቸው። በገና ጊታር! አንተስ በገና ምን አገኘህ? ዶሮ። ዶሮው አለቀ፣ አንተ «ገና ናቸው» ላይ ቀረህ። እነሱ በ2003 ሼፊልድ ውስጥ ዘ ግሬፕስ በሚባል መጠጥ ቤት መድረክ ወጡ። አልበሙ በ2006 ጃንዋሪ ሲወጣ ተርነር ገና 20 ዓመቱ ነበር። እንዲህ ያለ «ገና» ለኔም ይድረሰኝ!

«በነጻ የሚታደል ነገር ምን ዋጋ አለው?» አልክ ደግሞ። ይኼን እንኳ ባትጀምረው ይሻልህ ነበር። ልጆቹ ዘፈናቸውን በሲዲ እያባዙ ለመጣው ሰው በነጻ አደሉ። የመጣው ሰው ኢንተርኔት ላይ ጫነው፣ ወዳጅ ለወዳጅ ላከው። በ2005 ለንደን አስቶሪያ ላይ ሲጫወቱ አልበም የሚባል ነገር አልነበራቸውም፤ አዳራሹ ግን ሞልቶ ሕዝቡ አብሮ ይዘፍን ነበር። ዘፈኑ ሱቅ የለም፣ አፍ ላይ ሞልቷል! አንተ ዋጋ ስትጠይቅ ሰው ግጥም ሸምድዶ ጨረሰ። ዶሚኖ ከሚባል ነጻ አሳታሚ ጋር ከዚያ ቀደም ብለው ፈርመው ነበር። የመጀመሪያዋ ነጠላ ዘፈናቸው በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ዝነኞቹን ዘፋኞች እነሮቢ ዊልያምስንና ሹገቤብስን እንደ ዶሚኖ ጠጠር አስተኝታ አንደኛ ወጣች።

«እሺ፣ በነጻ ሰምቶ የጠገበ ማን ይገዛል?» ቁጭ ብለህ ስማ፦ አልበሙ በ2006 ሲወጣ በአንድ ሳምንት ብሪታኒያ ውስጥ ብቻ 363,735 ቅጂ። ከዚያ በፊት የትኛውም ባንድ እዚያ አገር በመጀመሪያ አልበሙ እንዲህ ፈጥኖ ሸጦ አያውቅም። በነጻ የሰማው ሕዝብ ነው ገንዘቡን ይዞ የተሰለፈው። ያው ዓመት ሳያልቅ ለዓመቱ ምርጥ አልበም የሚሰጠውን የመርኩሪ ሽልማት ወሰዱ። ትቆጥራለህ ወይስ ጣትህ አለቀ?

«ጩኸት ነው!» ጩኸቱንስ መች ሰማኸው? 13 ዘፈን ነው። ማት ሄልደርስ ከበሮውን ሲለቀው ጊታሮቹ እየተሯሯጡ ይከተሉታል፤ ተርነር በመሀል ቃል ያዘንባል፣ ያውም በዚያው በሰፈሩ አነጋገር። ስለ ምን? ጭፈራ ቤት በር ላይ ደረቱን ስለሚነፋው ዘበኛ። ሌሊት ታክሲ ላይ ስለሚነሳው ግርግር። ስላኮረፈች ፍቅረኛ። እዚያው እንግሊዝ እየኖረ ስለ ሳን ፍራንሲስኮ ስለሚያወራ ባንድም አለ፤ እሱን ዘፈን ስሰማ ሁልጊዜ አንጀቴ ይርሳል፤ ስንቱ ነው የማያውቀውን አገር የሚዘፍን! ከሁሉ የምወደው ግን የመጨረሻው ዘፈን ነው። የከተማውን ጎረምሶች ይተርባል፣ ይተርባል፣ ልክ ልካቸውን ይነግራቸዋል፤ መጨረሻ ላይ ጓደኞቹ መሆናቸው ትዝ ሲለው ልቡ ይራራል። ይህን ሲጽፍ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው እንዲህ የሚያውቀው! ዝና ከመጣ በኋላ ይህን ማን ይጽፈዋል? የታክሲው ግርግር የሚገባው ታክሲ ለሚጋፋ ነው።

አሁን ደግሞ ዞረህ «ኧረ እኔ ድሮም አውቃቸዋለሁ!» ማለት ጀመርክ። ድሮ መቼ? በ2013 አምስተኛው አልበም ሲወጣ? ወዳጄ፣ አራት አልበም ያለፈው ሰው «ድሮ» አይልም፣ «ይቅርታ፣ መንገድ ዘጋብኝ» ነው የሚለው! ቢሆንም ግባ፣ ማንም አይከለክልህም። አዲስ ባንድ ሲመጣም ከፊት እንድትቆም እጠራሃለሁ። «ወንበር አለ?» አልክ? «መጀመሪያ የመቀመጫዬን» ያለችው የኛዋ ዝንጀሮ ናት፤ እነዚህኞቹ የሚሰሙት በቁም ነው።