ሦስት ሰከንድ አምባሰል

ቡናው ገና አቦል ነው፤ ቶናና በረካ ይቀሩናል። እስከዚያ የመርሳውን ጉዴን ላውጋችሁ።

የነገሩ መነሻ እናቴ ናት። ወልድያ ቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የአባቴን ክራር አቧራ ስትጠርግ፣ ከስድስቱ ጅማቶች አንዱ ተበጥሶ ተንጠልጥሎ አገኘችው። አባቴ ካረፈ ወዲህ ያን ክራር የደረደረው ሰው የለም፤ ጅማቱ በራሱ ጊዜ ነው የተበጠሰው። እናቴ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይታ ዝም አትልም። "መርሳ ውሰድና ለአያ ስጣቸው፤ እሳቸው ያስሩታል። ስትመለስ ማንጎ ይዘህ ና። ደግሞ በጣም የበሰለ እንዳትገዛ፤ መንገድ ላይ ይፈርጥብሃል" አለችኝ።

በቃ፣ ጉዳዩ ይኸው ነው። ክራር ማሳሰር፣ ማንጎ መግዛት። የሰፈር ልጅ ቢላክ ምሳ ሳይደርስ ጨርሶ የሚመለስበት መልእክት ነው። አያ ያልኳችሁ የአባቴ ባልንጀራ ናቸው። ስማቸውን ለመጻፍ ስላላስፈቀድኩ እዚህም አያ እያልኩ እቀጥላለሁ።

የእኔ ጣጣ ግን ሌላ ነው። በዚያው ሳምንት አንድ ጥናት አንብቤ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ኤፍሬም ረታ የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በ2023 እ.ኤ.አ. ፕሎስ ዋን በሚባል መጽሔት ያወጣው ነው። አራቱን ቅኝቶቻችንን፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን፣ ኮምፒውተር ሰምቶ እንዲለይ አስተምረውታል። ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ዜማ፣ ከአዝማሪ ጨዋታና ከዘመናዊ ዘፈን 600 የድምፅ ናሙና ሰበሰቡ። እያንዳንዱ ናሙና የየትኛው ቅኝት እንደሆነ አምስት ባለሙያዎች ሰምተው ፈረዱ። ከዚያ ድምፁን ወደ ቁጥር ለውጠው ለኮምፒውተሩ ሰጡት። የአንድ፣ የሦስትና የአምስት ሰከንድ ቁራጭ እያደረጉ ቢሞክሩ የሦስት ሰከንዱ በለጠ፤ ኮምፒውተሩም ቅኝቱን 95 ከመቶ ያህል በትክክል ለየ።

ይህን ሳነብ ልቤ ዘለለ። እንዴት አይዘልም? ባቲ እኮ ሰኞ ሰኞ ገበያዋ የሚደምቅ የወሎ ከተማ ናት። አምባሰል ደግሞ መርሳ ካለችበት ከሀብሩ ወረዳ በስተደቡብ ያለ ድንበርተኛ ወረዳ ነው፤ ከመርሳ ወደ ደሴ ስትሄዱ ውጫሌን የምታገኙት እዚያው ነው። ይህ ሁሉ ቁጥርና ስሌት የሚዞረው በደጃችን ባለው አገር ስም ላይ ነው! እንግዲህ 601ኛው ናሙና ከመርሳ ይሁን ብዬ ወሰንኩ። አያ አምባሰል ይደረድራሉ፣ እኔ በስልኬ እቀዳለሁ። አምስቱ ባለሙያዎች በጆሯቸው ሰምተው ፈረዱ የሚለውን ግን አንብቤ እንዳላነበብኩ አልፌዋለሁ። ያን ቀን የደረሰብኝ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ክራሩን በነጠላ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ከወልድያ መርሳ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ በስሪንቃ ያልፋል። ስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ ማሽላና ሌላም ሰብል የሚያጠኑበት። አጠገቤ ለተቀመጠው ሰውዬ ስለ ጥናቱ እየተነተንኩ፣ ሙላቱ አስታጥቄም በ2007 እ.ኤ.አ. ሃርቫርድ ራድክሊፍ ገብቶ የአገራችንን የሙዚቃ መሣሪያዎች ስለማዘመን እንደሠራ፣ ኤምአይቲ ድረስም ሄዶ ስለ ዘመናዊ ክራር እንዳማከረ እያወራሁ ነበር። ሰውዬው በትዕግሥት ሰማኝና "አንተስ ትደረድራለህ?" አለኝ። አልደረድርም። ያን ጊዜ ዝም ማለት ነበረብኝ፤ ስልኬን አውጥቼ የጫንኩትን የመቃኛ አፕ አሳየሁት።

አያ ጊቢያቸው ውስጥ ማንጎው ሥር አጎዛ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ክራሩን ሲያዩ ወዲያው አልተቀበሉኝም፤ መጀመሪያ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ከዚያ ገበቴውን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው አዳመጡት። ቤት ገብተው አንድ ጥቅል ጅማት ይዘው ወጡ፤ "ይቺ የመጨረሻዬ ናት" አሉ። ታች አሰሩ፣ ወደ ላይ ስበው ቀንበሩ ላይ ጠመጠሙ፣ ጥምጥሙን በአውራ ጣታቸው እያዞሩ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በጉሮሯቸው እህም እያሉ ቃኙት። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። መልእክቴ በዚህ አልቋል። ማንጎዬን ገዝቼ ብመለስ ኖሮ ዛሬ የማወጋችሁ አይኖረኝም ነበር።

"አያ፣ አምባሰል ይደርድሩልኝ፤ ልቅዳዎት" አልኩ። ስልኬን ድንጋይ ላይ አቁሜ ቀዩን ምልክት ነካሁት። "ዝግጁ ነኝ አያ፣ ይጀምሩ!" አልኩ። ጀመሩ። ጎረቤት ቡና ስታፈላ የነበረችው እትዬ ጀበናዋን ይዛ መጣች፤ ሁለት ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠለጠሉ። አያ ለአንድ ሰዓት ያህል ደረደሩ። አባቴ ሞቶ ክራሩ ያን ያህል ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እንባዬ መጥቶ ስለነበር ስልኬን አንዴም አላየሁትም።

ሲጨርሱ፣ በዚያ ማብቃት ሲገባኝ፣ አፑን ከፈትኩ። ስድስት ክብ፣ በየክቡ አንድ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ መሐል ላይ መርፌ። ክራሩም ስድስት ጅማት አለው። ስድስት ለስድስት! አንዱን ጅማት ነካ አድርጌ አሰማሁት፤ መርፌዋ ጥግ ድረስ ሄዳ ቀይ በራች። ሁለተኛውም ቀይ። ሦስተኛውም ቀይ። ወዳጆቼ፣ ከዚያ ያልኩትን ስነግራችሁ አሁንም ፊቴ ይቃጠላል። አባቴ "እንደሱ ክራር የሚቃኝ የለም" ይላቸው የነበሩትን ሰው፣ "አያ፣ ቅኝቱ ተበላሽቷል፤ ላስተካክልልዎት?" አልኳቸው።

ወሎዬ እንግዳ አያሳፍርም። አያ ክራሩን አቀበሉኝና "ሞክር ልጄ" አሉ።

ሞከርኩ። አፑ ቀንስ ሲለኝ አላላሁ፣ ጨምር ሲለኝ ጠመዘዝኩ። የመጀመሪያዎቹ ጅማቶች ልብስ እንደሚሰጣባቸው ገመድ ረገቡ፤ መርፌዋ ግን አረንጓዴ ስላበራች ደስ አለኝ። አምስቱን በአረንጓዴ ጨርሼ መልሼ ሰጠኋቸው፤ "እስቲ አሁን አምባሰል" አልኩ። አያ ነካ ነካ አደረጉትና ቆም አሉ። እትዬ ሲኒውን እንደያዘች ቀና አለችና "አያ፣ አመመዎት እንዴ?" አለች። ልጆቹ ከአጥሩ ላይ ወደቁ፤ ከሳቅ ብዛት።

እኔ ግን "ስድስተኛው ስላልተቃኘ ነው" ብዬ ክራሩን ተቀበልኩ። ስድስተኛው አዲሱ ጅማት ነበር። አፑ ጨምር አለኝ፣ ጨመርኩ። አሁንም ጨምር አለኝ። አሁንም ጨመርኩ። ጧ! የመጨረሻዋ ጅማት ተበጥሳ እጄን ገረፈችኝ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ጊቢው ጸጥ አለ። አያ ጅማቷን አነሡ፣ ጠቀለሉ፣ ኪሳቸው ከተቱ። "አብሽር፣ ጅማት ነው፤ ይገኛል" አሉኝ። ከዚያ መርፌዋን ተመለከቱና "ይቺ ልጅ ድምፄን ታውቀዋለች?" ብለው ጠየቁኝ። አልገባኝም። "እኔ ክራር የምቃኘው በጉሮሮዬ ነው። ዛሬ ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ከወረደ ክራሩን አወርደዋለሁ፤ ዘፋኟ ሴት ከሆነች ለእሷ ከፍ አደርገዋለሁ። አምባሰል ማለት በአንዱ ጅማትና በሌላው መካከል ያለው ርቀት ነው" አሉኝ። አያ የተናገሩት የሙዚቃ ትምህርት ቤት ውስጥ በጥቁር ሰሌዳ የሚሰጠውን ነው። እኔ የሰማኋቸው ግን የተገረፈ እጄን እያሻሸሁ ነበር።

አመሻሽ ላይ ወልድያ ገባሁ። እናቴ ነጠላውን ፈታች፣ አምስት ጅማት ቆጠረች። "ማንጎውስ?" አለች። መርሳ ላይ ረሳሁት። እናቴ አንድም ቃል ሳትናገር ክራሩን ወደ ግድግዳው መለሰችው።

ማታ ቢያንስ ቅጂው አለኝ ብዬ ተጽናናሁ። ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ስልኬን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። "ዝግጁ ነኝ አያ፣ ይጀምሩ!" ይላል የራሴ ድምፅ፤ ከዚያ አንዲት ጅማት ድን፤ ከዚያ ጸጥ። ሜሞሪው ሞልቶ ስለነበር መቅዳቱን ያቆመው ገና ሲጀምር ነው። ቆይታው ሦስት ሰከንድ። ከአንድ ሰዓት አምባሰል ለእኔ የተረፈኝ የገዛ ድምፄና አንዲት ጅማት ናት። አፑንም እንደገና ከፈትኩት። ከላይ በጥቃቅን ፊደል "ጊታር" ተብሎ ተጽፏል። አፑ አልዋሸኝም። ስድስት ጅማት ያለው ጊታር መስሎት የጊታር ቅኝት ነው የነገረኝ። ክራር መሆኑን መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ያን ሌሊት ጥናቱን እንደገና አነበብኩት፤ በዚህኛው ዙር አምስቱ ባለሙያዎች ላይ ስደርስ ቆምኩ። ኮምፒውተሩ አምባሰልን ያወቀው አስቀድሞ ሰው ሰምቶ "ይህ አምባሰል ነው" ስላለው ነው። ሰው ያልፈረደበት ድምፅ ለኮምፒውተሩ ከሚኒባስ ጥሩምባ አይለይም። ስሪንቃ ያሉትም ቢሆኑ ማሽላ ሲመጣላቸው ከየት እንደመጣና የት እንደበቀለ ሳይጽፉ መደርደሪያ ላይ አያስቀምጡትም። እኔ የመርሳን ክራር ልመዘግብ የሄድኩት ደብተር እንኳን ሳልይዝ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ስልኬን ከሠርግ ቪዲዮ ሁሉ አጽድቼ፣ ክራሩን፣ ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ ይዤ፣ አያ ደሴ ለሚሄድ ሰው ልከው ያስመጡትን የጅማት ዋጋ ኪሴ አድርጌ። ዋጋውን አልተቀበሉኝም። ከመቅዳቴ በፊት "ልቅዳዎት ወይ? ሌላ ሰው ቢሰማውስ ይፈቅዳሉ?" ብዬ ጠየቅኩ። ፈቀዱ፤ ስማቸው እንዲጻፍ ወይም እንዳይጻፍ ግን አስበው እንደሚነግሩኝ አሉ። ክራሩን ማን እንደሠራው፣ ጅማቱ ከምን እንደሆነ፣ ሲቃኙ ከየትኛው ጅማት እንደሚጀምሩ ጻፍኩ። "ከማን ተማሩት?" ስላቸው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። "ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም" አሉ። አክስታቸው ናቸው ያስተማሯቸው፤ በአምባሰል በኩል የተዳሩ፣ ውኃ ሲቀዱ የሚያንጎራጉሩ ሴት። ክራር ነክተው አያውቁም። አያ ቅኝቱን ከእሳቸው ጉሮሮ ሰምተው ነው ወደ ክራር ያመጡት።

47 ደቂቃ ቀዳሁ። በየመካከሉ "አምባሰል" እያልኩ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ሲያልቅ አብረን አዳመጥነው። አንዱ ጋ ስንደርስ አያ እጃቸውን አነሡ፤ "ይሄን ምን ብለህ ጻፍከው?" አምባሰል አልኳቸው። "ይሄ እኮ ባቲ ነው ልጄ" አሉኝ። ሰረዝኩና ከጎኑ አያ ያረሙት ብዬ ጻፍኩ። ከቅጂው ሁሉ የምወደው ያን መስመር ነው።

ይህን የነገርኳችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። በየሰፈራችሁ ክራር የሚቃኝ፣ ማሲንቆ የሚገዘግዝ፣ ዋሽንት የሚነፋ ሰው አለ። ስልክም ሁላችሁ እጅ ላይ አለ፤ ነገ ኮምፒውተር የሚማርበት ድምፅ ከዚያ ስልክ ሊወጣ ይችላል። እባካችሁ ሂዱና ቅዱ። ስትሄዱ ግን ሜሞሪውን ባዶ አድርጉ፣ ደብተር ያዙ፣ ፈቃድ ጠይቁ፣ ከማን እንደተማሩ ጠይቁ፣ ቅኝቱን እነሱው ይሰይሙት። ቅጂውንም ለባለቤቱ ሳትሰጡ እንዳትመለሱ። የአያ ቅጂ በልጅ ልጃቸው ስልክ ላይ መርሳ አለ፤ የእኔ ሁለተኛው ነው።