ለ«ቁጣ» ቫይረስ ጥብቅና

በ2002 (እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር) የወጣውን «ትዌንቲ ኤይት ዴይስ ሌተር» የተባለ የእንግሊዝ ፊልም «ሳይንስ በደጁ አላለፈም» እያሉ የሚያሙት አሉ። ስም ማጥፋት ነው። እኔ ጥብቅና ቆሜለታለሁ።

ዋናው ክስ «ቁጣ» የተባለው የፊልሙ ቫይረስ ፍጥነት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ተነክሶ ምልክት እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ይፈጃል። የዳይሬክተር ዳኒ ቦይል «ቁጣ» ግን አንዲት ጠብታ ደም ዓይን ውስጥ ጠብ ካለች በ20 ሰከንድ ገደማ ደጉን አባት አውሬ ያደርገዋል። ደማችን እንኳ ሰውነታችንን አንዴ ለመዞር 1 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ታዲያ ምን ይጠበስ? ሌላው ቫይረስ እንደ ሚኒባስ በየፌርማታው ይቆማል፤ ይሄኛው ኮንትራት ይዞ ይሆናላ! ደግሞ ኳስ ሜዳ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ቁጣ ለመዛመት 20 ሰከንድ እንደሚበዛበት አይጠፋውም።

የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ ጂም ራሱን ስቶ ከርሞ፣ ግሉኮስ የሚቀይርለት ነርስ በሌለበት ሆስፒታል ነቅቶ፣ ወዲያው ዌስትሚኒስተር ድልድይ ላይ ሽር ማለቱስ? ኩላሊቱን አትጠይቁት፤ ወጣት ነው።

«ሎንዶን በፊልሙ እንደሚታየው ጭር አትልም» ያሉት ደግሞ በ2020 ኮሮና ከተማዋን ሲያዘጋ መልሳቸውን አግኝተዋል።

ለመሆኑ «ቁጣ» የያዛቸው የፊልሙ ሕሙማን መጨረሻ ላይ የሚያልቁት በምን ይመስላችኋል? በረሃብ! ያልበላ ይሞታል። ይህን የሚያስተባብል ሐኪም ካለ ይቅረብ።